«አፍ ማጣፈጫ» ነው ብለው የሰጡኝ ሱፓሪ አፌን እንዴት እንደዘጋው

ይሄን የምጽፈው በተለይ ዱባይ፣ ሻርጃ፣ ሙስካት፣ ኩዌት ምናምን ሹፍርና ላይ ወይ መጋዘን ውስጥ ለምትሰሩ ልጆች ነው። እኛ ከህንድ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ ልጆች ጋ አንድ ላይ ነው ውለን የምናድረው፣ ካራካቸውን (የወተት ሻያቸውን) እንጠጣለን፣ ፓራታቸውን እንበላለን፣ እነሱም እንጀራችንን ለምደዋል፣ እና ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፓኬት መካፈላችንም አይቀርም። ስለ ፓኬቷ ግን በአማርኛ የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለ ጫት ሞልቷል፣ ስለ ሲጋራ ሞልቷል፣ ስለ ሱፓሪ ምንም የለም።

ለማያውቀው፣ ሱፓሪ ከዘንባባ ዘር የሆነ አሬካ የሚባል ዛፍ ፍሬ ነው። በጣም ጠንካራ ነገር ነው፣ ይቆራረጥና ወይ ይፈጭና በስኳርና በመዓዛ ነገር ተለውሶ በፓኬት ይሸጣል፣ ይሄ ጣፋጩ ነው። በቅጠል ከኖራ ጋ ሲጠቀለል ፓን ይሉታል፣ ተፈጭቶ ትምባሆና ኖራ ተቀላቅሎበት በፓኬት ሲሸጥ ደግሞ ጉትካ። ፓታኖቹ (የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ልጆች) ከንፈራቸው ስር የሚወትፏት አረንጓዴ ነገር ሌላ ነች፣ እሷ ናስዋር ነች፣ ሱፓሪ የላትም፣ ትምባሆ ከኖራ ወይ ከአመድ ጋ ነው። በዓለም ላይ ወደ 600 ሚሊዮን ሰው ሱፓሪን በሆነ መልኩ ይጠቀማል ይባላል፣ ከቡና፣ ካልኮልና ከትምባሆ ቀጥሎ አራተኛ ነው ማለት ነው። ዱባይ ፓን መሸጥ ክልክል ነው ግን ያው ታውቃላችሁ፣ የት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፣ ጣፋጩ ሱፓሪ ደግሞ ከረሜላ ነው የሚመስለው፣ ማንም ልብ አይለውም።

እኔ ጴንጤ ቤት ነው ያደግኩት፣ ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም፣ ጫትም አልቀመስኩም። ሱፓሪ የጀመርኩት ዱባይ ካለው የጀበል አሊ ወደብ ኮንቴይነር ጭነን ሌሊት ሌሊት አቡዳቢ ስንመላለስ ነው። አብሮኝ የሚነዳ የጉጅራት ልጅ አለ፣ ባይ (ወንድሜ ማለት ነው) እለዋለሁ እሱም ባይ ይለኛል፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ አይቶ ይቺን ጉንጭህ ውስጥ ያዛት አለኝ። ትምባሆ አለው እንዴ አልኩት፣ የለውም አፍ ማጣፈጫ ነው አለ፣ እውነቱን ነው፣ ትምባሆ አልነበረውም። ትንሽ እንደቆየ ጆሮዬ አካባቢ ሞቅ አለኝ፣ ግንባሬን አላበኝ፣ ዓይኔ ተገለጠ። ከዛ በኋላ ያለሱ መንዳት አልችልም ነበር፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ሳልነዳም፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልክ ሳወራ፣ ስተኛ ሁሉ ጉንጬ ውስጥ አለ። ባይ አንዳንዴ ጉትካም ይሰጠኝ ነበር፣ አልዋሽም እሱንም ወስጃለሁ፣ ግን ስለሚያጥወለውለኝ ብዙም አልደጋገምኩትም። ዋናው ልማዴ ጣፋጩ ሱፓሪ ነበር፣ ለዚህም ነው ይሄን የምጽፈው፣ ትምባሆ ስለሌለው ምንም አያረግም የሚለው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያስተው።

መጀመሪያ ያስታወቀኝ በርበሬ ነው። ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ነው የምንኖረው፣ ተራ ገብተን ነው የምናበስለው፣ አንድ ቀን ሽሮ ተሰርቶ ስጎርስ አፌን እሳት ለቀቀበት። ማነው በርበሬ የጨመረበት ብዬ ጮህኩ፣ ሁሉም አፍጥጠው አዩኝ፣ ለነሱ አልጫ ነበር ማለት ይቻላል። እማዬ የላከችው በርበሬ ይሆናል፣ ዘንድሮ ቃሪያው በዝቶበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ግን አልተወኝም። ከዛ ሚጥሚጣ ቀረ፣ አዋዜ ቀረ፣ ቀይ ወጥ ቀረ፣ ቆይቶ ትኩስ ሻይ ሁሉ ያቃጥለኝ ጀመር፣ መጨረሻ ላይ አልጫና ሩዝ በርጎ ነው የምበላው። ሁሉም የሰጠኝ ምክር አንድ ነው፣ ጨጓራ ነው። ያበሻ በሽታ ሁሉ መጨረሻው ጨጓራ ነው መሰለኝ። አብሽ ጠጣ፣ ተልባ ጠጣ፣ ጠጣሁ፣ ሆዴ እኮ ምንም አላመመኝም፣ ጉንጬ ነው የሚቃጠለው። አንድ ክሊኒክም ሄጄ ነበር፣ ሐኪሙ በባትሪ አንዴ ብልጭ አድርጎ አየኝና ፈንገስ ይሆናል ብሎ የሚቀባ ነገርና ቫይታሚን ሰጠኝ። ምን ታኝካለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም፣ ከረሜላ የሚመስል ነገርን ለሐኪም ማን ይናገራል።

ስለዚ ይቺን ያዙ፦ ሱፓሪ ወይ ፓን ወይ ጉትካ የሚያኝክ ሰው የለመደው በርበሬ ድንገት አፉን ማቃጠል ከጀመረ፣ ያ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው። እኛ ደግሞ በርበሬ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ቀድመን ሊታወቀን ይገባ ነበር፣ ችግሩ ለምግቡ እንጂ ላፋችን ትኩረት አለመስጠታችን ነው።

ሁለተኛው ምልክት አፍ መጥበብ ነው፣ እሱ ደሞ በጣም ተንኮለኛ ነው ምክንያቱም ቀስ እያለ ስለሚመጣ አይታወቃችሁም፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን ያስተካክላል። በርገር ጠፍጥፌ መብላት ጀመርኩ፣ ጥርስ ብሩሹ ወደ ኋላ አልደርስ አለኝ፣ ሳዛጋ መንጋጋዬ ይያዛል፣ ድሮ ጓደኞቼን በፉጨት ነበር የምጠራው እሱም እምቢ አለኝ፣ ጉንጬን በአየር መንፋትም አቃተኝ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አገጣጥሜ አላሰብኳቸውም። የታወቀኝ በፋሲካ ዱባይ ዴራ ሰፈር ያለ አንድ ያበሻ ቤት ውስጥ ነው። እዛ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ትልቅ ሴት አሉ፣ ዶሮ ወጡን ጠቅልለው እንቁላል አስገብተው ያው የናት ጉርሻ ሰሩና አፌ ላይ አመጡት፣ አልገባ አለ። «ክፈት እንጂ ልጄ!» «ከፈትኩ እኮ እትዬ።» «ምን ከፈትክ፣ በደንብ ክፈት!» ወጡ አገጬ ላይ ፈሰሰ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ግን በመስታወት አየሁትና ደነገጥኩ። ሁለት ጣት ነው የሚገባው።

ጤነኛ አዋቂ ሰው የራሱን ሦስት ጣት (አመልካች፣ መሃልና የቀለበት ጣት) አቁሞ ከላይና ከታች ባሉት የፊት ጥርሶች መሃል ማስገባት ይችላል። አሁኑኑ ሞክሩት፣ ያለምንም መሳሪያ የሚደረግ ምርመራ ነው። ሁለት ከሆነ ጊዜ አትስጡት።

ሻርጃ ያለች አንድ ህንዳዊት የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ለሱ አስቤ ሳይሆን አንድ የኋላ ጥርሴ ተሸርፎ ስለነበር ነው (ሱፓሪ ድንጋይ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ይበላል፣ ያቀልማል፣ ይሄ ቀላሉ ጉዳት ነው)። ወንበሩ ላይ ጋደም ብዬ ክፈት አለችኝ፣ ከፈትኩ፣ መስታወቷን አስቀመጠችና «ሱፓሪ ነው ወይስ ጉትካ?» አለችኝ። ምንም ሳልነግራት! ትንሽዬ ማስመሪያ አምጥታ ለካች፣ 24 ሚሊሜትር። ከ35 በላይ መሆን ነበረበት። ከዛ ጓንት ባደረገ ጣቷ ጉንጬን ከውስጥ ወደታች ዳሰሰችው፣ የኔንም ጣት ይዛ አስዳሰሰችኝ፣ ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ጅማት ነገሮች አሉ፣ ስትነካቸው አይለጠጡም። መስታወት ስትሰጠኝ ደግሞ ሮዝ መሆን ያለበት የጉንጬ ውስጥ ነጣ ግራጫ ብሎ እንደ ደረቀ ጀንዲ ሆኗል። ብሩሽ ይዤ በየቀኑ የማየው አፍ እኮ ነው።

በሽታው ኦራል ሰብሚውከስ ፋይብሮሲስ ይባላል። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጉንጫችን ከውስጥ ስሩ ኮላጅን የሚባል ክር አለው፣ ሰውነት ይሄን ክር እየሰራ እያፈረሰ ሚዛኑን ጠብቆ ነው የሚያኖረው። ሱፓሪ ውስጥ ያለው አሬኮሊን የሚባለው ነገር ስራውን ያበዛዋል፣ ታኒኑ ደግሞ የተሰራው እንዳይፈርስ ያጠነክረዋል፣ ፍሬው መዳብም ስላለው መዳቡ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስረውን ኢንዛይም ያበረታታል። እና ክሩ ይበዛል፣ ይጠነክራል፣ ይተሳሰራል፣ ጉንጩ ይደርቃል። ጥፋቱ ከፍሬው ነው ማለት ነው፣ ትምባሆ ኖረ አልኖረ። የገረመኝ ደግሞ ይሄ በሽታ በዘመናዊ ሕክምና መጀመሪያ የተጻፈው ጎረቤታችን ኬንያ ከሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሽዋርትዝ የተባለ ሐኪም አምስት ኬንያ የሚኖሩ ህንዳውያን ሴቶች ላይ አይቶ ነው የጻፈው።

ካንሰር ነው ወይ አልኳት። አይደለም፣ ግን ወደዛ ሊሄድ የሚችል ነው አለችኝ፣ ከጉንጬ ትንሽ ቆርሳ ባዮፕሲ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አልተርክም። ንጹህ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ትምባሆ ያለበትን ፓን ካንሰር አምጪ ነው ያለው ድሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሰነድ ደግሞ ትምባሆ የሌለበትንም፣ ፍሬውን ራሱንም እዛው ውስጥ አስገባው። ህንድ ውስጥ የዚህ በሽታ ታማሚዎችን ለ17 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፣ 7.6 በመቶው ላይ ወደ ካንሰር ተቀይሯል። ከመቶ ሰባት ስምንት ሰው ማለት ነው። ላንዳንዱ ትንሽ ቁጥር ይመስለዋል፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ሱፓሪ፣ ትምባሆና አልኮል ሲደራረቡ ደግሞ አደጋው እየጨመረ ነው የሚሄደው።

ሕክምናው ቀላል አይደለም፣ እንዳላታልላችሁ። በየሳምንቱ ጉንጬ ውስጥ መርፌ ነበር የሚወጉኝ፣ ስቴሮይድና ክሩን የሚያላላ መድኃኒት ተቀላቅሎ፣ ሁለቱም ጉንጭ ላይ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ጉንጩ ደረቅ ስለሆነ ቦታ ስለሌለው የሚያመው ህመም ሌላ ነው። ከዛ የቤት ስራው፣ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት ታውቁታላችሁ አይደል፣ እሱን ደራርባችሁ የጎን ጥርሶቻችሁ መሃል ትሰኩና ትቆያላችሁ፣ ሲላላ አንድ ትጨምራላችሁ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ትራፊክ ላይ ቆሜ አፌ ውስጥ እንጨት ወትፌ ያየኝ ሰው ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። የኔ ኢንሹራንስ ጥርስ አይሸፍንም ነበር፣ ሁሉንም ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ ስለዚ ካርዳችሁ የሚሸፍነውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሁን 31 ሚሊሜትር ላይ ነኝ። በርበሬው ያቃጥላል ግን እንደበፊቱ አይደለም፣ ቀይ ወጥ ከርጎ ጋ እበላለሁ። ሦስት ጣት ግን እስካሁን አይገባም፣ ሐኪሟም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብላ ቃል አልገባችልኝም፣ የጠነከረው ብዙውን ጊዜ እንደጠነከረ ነው የሚቀረው፣ ሱፓሪው ሲቆም ሊቆም የሚችለው መባባሱ ነው። በጣም የጠበበበት ሰው ቀዶ ጥገና ነው የሚደረግለት፣ ከዛም በኋላ ያው እንጨት አለ።

አንድ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ልንገራችሁ። አፍ ሲጠብ ሌላ ሕክምና ሁሉ ይከብዳል። ያቺ የተሸረፈች የኋላ ጥርሴ እስከብዙ ጊዜ ድረስ አልተሰራችም፣ የጥርስ መሳሪያው አልገባማ። ለሌላ ነገር፣ ለትርፍ አንጀትም ይሁን ለምንም፣ ሙሉ ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ኦፕራሲዮን ካላችሁ ደግሞ አፌ በደንብ አይከፈትም ብላችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ መተንፈሻ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚያስገቡት ባፍ ስለሆነ ዝግጅቱ ይለያል።

ማቆሙን በተመለከተ፣ ሱስ የለውም የሚሏችሁን አትስሙ። ራስ ምታት አለው፣ ንጭንጭ አለው፣ መሪ ይዤ እጄ ራሱ ኪሴን ይፈትሻል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ባይ ነው፣ ፓኬቱን ሲዘረጋልህ እምቢ ማለት ቡና እምቢ እንደማለት ነው፣ ይቀየማል። ዝም ብዬ ከምሸሸው ብዬ አንድ ቀን ካራክ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኩት፣ የጣቱንም ነገር አሳየሁት። ሳቀና እሱም ሞከረ። አንድ ጣትና ትንሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚያኝከው፣ አባቱም እንደዛ ስለነበሩ አፍ ሲያረጅ እንዲህ ነው የሚሆነው ብሎ ነው የሚያስበው። ዝም አለ፣ ፓኬቱን ግን አልጣለውም፣ ለኔ ማቅረብ ነው ያቆመው። አሁን ሄል ነው የምይዘው፣ አንዳንዴ ስኳር የሌለው ማስቲካ። ቆሎ አትሞክሩ፣ እኔ ሞክሬ የደረቀውን ጉንጬን ላጠው። ህንድ ምግብ ቤት ካሸር ጋ በሳህን የሚቀመጠውን ባለቀለም እንስላል ስትዘግኑም ጠይቁ፣ አንዳንዱ ውስጥ ሱፓሪ ተከትፎ ይገባበታል። ሰው ቤት የምትሰሩ እህቶችም፣ ህጻናት ጣፋጩን ሱፓሪ እንደ ከረሜላ ሲበሉ ታያላችሁ፣ እናንተም አብራችሁ አትልመዱት።

ሱፓሪ የማያውቅ ግን ሲጋራና ሺሻ የሚወድ ጓደኛዬ የኔን ታሪክ ሰምቶ «እኔ ድዴ ደምቶ አያውቅም፣ ጤነኛ ነኝ» አለኝ። ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ ኒኮቲን የድድን ደም ስር ስለሚያጠብ የሚያጨስ ሰው ድድ ታሞም ብዙ አይደማም አለች፣ ማለትም ማስጠንቀቂያው ይጠፋል እንጂ በሽታው አለ፣ ድድ እየሸሸ፣ አጥንቱ እየተበላ ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ጥርስ ነቅሎ በዛው ቀን የሚያጨስም የተነቀለበት ጉድጓድ ሳይድን ቀርቶ ቀን ከሌሊት ሊያሰቃየው ይችላል። ከሀገር ቤት ሱረት የሚያስልኩ፣ መተማ አካባቢ የሱዳኑን ቶምባክ (ከንፈር ስር የሚያዝ ትምባሆ) የለመዱ ልጆችም አሉ፣ ጭስ የለውም ብላችሁ አትጽናኑ፣ የምታስቀምጡበት ቦታ ላይ ከንፈራችሁን ገልብጣችሁ እዩት፣ ቆዳው ነጥቶ ተጨማዶ ከሆነ፣ ድዱም እዛ ጋ ብቻ ወርዶ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ። ጫት የሚቅምም የሚይዝበት ጉንጭ ሊነጣ ይችላል፣ ሁሉም ነጭ ነገር ክፉ ነው ማለት አይደለም፣ ግን መለየት የሚችለው ሐኪም ነው።

የስልካችሁን መብራት አብሩና መስታወት ፊት ቁሙ፣ ጉንጭና ጉንጭ፣ የከንፈር ውስጥ፣ ምላስን አውጥታችሁ ግራና ቀኝ ጎኑን፣ ከዛ ምላስ ወደላይ ሰቅላችሁ ስሩን። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ቀይ፣ እብጠት፣ ወይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካያችሁ፣ ባያምም እንኳን ሂዱ። ብዙ ሰው ስላላመመው ነው የሚተወው።

ሀገር ቤት ገብታችሁ መታየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እዛ ሱፓሪ ስለማይበላ ሐኪሙ አይጠረጥረውም። እኔ ለረፍት ስሄድ አዲስ አበባ የታየሁት ሐኪም ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን መጀመሪያ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር ነው የመሰለው፣ ሱፓሪ ስል ነው ወዲያው የገባው። ስለዚ ቁጭ ከማለታችሁ ምን፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ጉንጭ እንደያዛችሁ ተናገሩ፣ ከተቻለ ፓኬቱን ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ፣ የአፍና መንጋጋ ሐኪም ጋ ሪፈር እንዲጽፍላችሁም ጠይቁ። ባዮፕሲ ተሰርቶላችሁ ከነበረ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ እኔ በየስድስት ወሩ ነው የምታየው፣ ካቆምኩ በኋላም ማለት ነው፣ አደጋው ባቆሙበት ቀን ስለማይጠፋ።